ውዝዋዜ በሁለተኛ ደረጃ ይፈተን? የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ክርክር

የኪነት ክበብ መምህር፣ ደሴ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ጥያቄ ላንሳ። ውዝዋዜ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ራሱን የቻለ ትምህርት ይሁን? ከሆነስ ፈተና ይኑረው፣ ውጤቱ ካርድ ላይ ይግባ? የእኔ መልስ ለሁለቱም አዎ ነው።

አንደኛ ደረጃ ላይ ውዝዋዜም ያለበት ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። ልጆቹ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ነገሩ ወደ ክበብ ይወርዳል። የክበብን ነገር ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የወላጆች ቀን ሲቃረብ ልጆች ሰብስብ ትባላለህ። ታሯሯጣቸዋለህ፣ ይጨበጨባል፣ በማግስቱ ሁሉም ይበተናል። ማርክ የሌለው ነገር ትምህርት ቤት ውስጥ ባለቤት የለውም። ክፍለ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚነጠቀው እሱ ነው።

ያለነው ደግሞ ወሎ ነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የጎረቤቶቻችን ናቸው። እነ ማሪቱ ለገሰን ያየንበት የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን የዚሁ አገር ነው። ይህ ሁሉ እያለ የደሴ ልጅ ከ9ኛ ጀምሮ ስለ ውዝዋዜ አንድ ገጽ ሳያነብ 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል። ይህ ያመኛል።

የፊዚክስ መምህር፣ ደሴ፦

ወንድሜ፣ ልፋትህን አውቃለሁ። ግን ያለንበትን እንይ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ከዚያ ፈቀቅ አላለም። በዚያው በ2014 ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ የተዘረፉትን ትምህርት ቤቶች ማን ይረሳል? ቤተ ሙከራ የሌለው ልጅ ስለ ኤሌክትሪክ በቃል እየሸመደደ ነው። ያለችውን ብርና ያለችውን ሰዓት ወዴት እናድርጋት ነው ጥያቄው።

ሌላም አለ። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እስክስታ በዚያ አይፈተንም። ስለ እስክስታ ጥያቄ ታወጣ ይሆናል። ያ ግን ሌላ ሽምደዳ ነው።

የተማሪ እናት፣ ኮምቦልቻ፦

አሰላሙ አለይኩም። ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፣ ጎበዝ ናት። ሠርግ ቤት ከሴቶች ጋር ትጫወታለች፣ ማንም አይከለክላትም። ወንዶች ፊት ቆማ ለማርክ ትወዛወዝ ከተባለ ግን እኔም አባቷም አንስማማም። እንደ እኔ የሚያስብ እናት እዚህ ብዙ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቴም «በዐቢይ ጾም እንዴት ሊሆን ነው?» አለችኝ። ባህል አንጠላም። ልጄ እምነቷን ስለጠበቀች ውጤቷ ሊቀንስ ነው ወይ? ይህን መልሱልኝ።

የቀድሞ ተወዛዋዥ፣ ደሴ፦

እኔ ዕድሜዬን ለዚህ ነገር የሰጠሁ ሰው ነኝ። ትምህርት ይሁን የሚለውን በሁለት እጄ እቀበላለሁ። የሚያስፈራኝ ፈተናው ነው።

ለማያውቅ ሰው ሥራውን ላሳይ። ጀማሪ ልጅ ትከሻውን ሲያነሳ አንገቱም አብሮ ይነሳል። እጁን ወገቡ ላይ ታስይዘዋለህ። ጉልበቱን ላላ ያደርጋል፣ ትንፋሹን ይለቃል። ከበሮውን ቀስ አድርገህ ትመታለታለህ። ብዙ ቀን ምንም የለም። አንድ ቀን ትከሻው አንገቱን ትቶ ብቻውን መሄድ ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ያለው ይለካል፣ እሺ። ውዝዋዜ የሚባለው ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፊት ለፊት የቆመችው ልጅ በትከሻዋ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይመልሳል። አንዱ ሲያጠፋው ሌላው ያነሳዋል። ይህ በስንት ይያዝ?

ደግሞስ የማን ውዝዋዜ ነው የሚፈተነው? ራያ ቆቦ የራሱ አለው። ዋግ የራሱ አለው። የከሚሴ ኦሮሞ የራሱ አለው። የአዲስ አበባ መድረክ ላይ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ በሰልፍ ቆመው የሚያሳዩት መለኪያ ከሆነ፣ አያቱ ያስተማረችውን ይዞ የመጣው የገጠር ልጅ «ተሳስተሃል» ይባላል። ያኔ ትምህርት ቤቱ ያንን ውዝዋዜ ገደለው ማለት ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ፦

እኔ ክበብ ውስጥ ነኝ። ልምምድ ላይ ቆይቼ ቤት ስገባ አባቴ «ካርድሽ ላይ የማይገባ ነገር ምን ያደርግልሻል?» ይለኛል። ልምምድ የምቀረው ስለማልወደው አይደለም። እባካችሁ ይህንንም አስቡት።

የኪነት ክበብ መምህር፦

ጋሼ፣ ያነሱት ፍርሃት የእኔም ነው። ስለዚህ ሌላ አገር እንዴት እንደሚፈትኑ ላምጣ። እንግሊዝ ውስጥ ተማሪዎች በ16 ዓመት ገደማ ለሚወስዱት ጂሲኤስኢ ለሚባል ፈተና ዳንስ አንዱ የምርጫ ትምህርት ነው። የፈለገ ይወስደዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። ኤኪውኤ በተባለው ፈታኝ ድርጅት አሠራር ከመቶው 30ው ለብቻና ከጓደኛ ጋር ለሚቀርብ ውዝዋዜ ነው። ሌላው 30 ተማሪው ራሱ ለፈጠረው ሥራ ይሰጣል። 40ው የጽሑፍ ፈተና ነው፤ እዚያ ላይ የባለሙያ ሥራዎችን አይቶ ይተነትናል። ተግባሩን የሚያርመው የራሱ መምህር ነው። ከዚያ የሌላ ሰው ዓይን ናሙና አይቶ ማርኩ እኩል መሰጠቱን ያጣራል። ደቡብ አፍሪካም በማትሪክ ደረጃ የዳንስ ትምህርት አላት፤ የአፍሪካ ውዝዋዜ እዚያ ከባሌ እኩል ይቆጠራል።

ከዚህ የምወስደው፣ ያጠፋህና ያላጠፋህ የሚባልበት አንድ መልስ የግድ እንዳልሆነ ነው። ልጁ የአያቱን ውዝዋዜ ይዞ ይምጣ። ከየት እንዳገኘው፣ መቼ እንደሚጫወቱት፣ ምቱ ምን እንደሆነ ይጻፍ። ከዚያ ያሳየን። የራያ ልጃገረዶችን ጨዋታ ሶለልን የምታውቅ የቆቦ ልጅ ሶለልን ታቅርብ። የማርክ መስፈርቱን ደግሞ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ተቀምጠው ያውጡት።

እህቴ፣ ለእርስዎ፦ ግዴታ ይሁን አላልኩም። ምርጫ ይሁን። የመረጠች ልጅም በሴት መምህር፣ ሴቶች ብቻ ባሉበት ክፍል ትፈተን። የጾም ወቅት ሲሆን የጽሑፉ ክፍል ይሰጥ። ይህ የሚያስቸግር ነገር አይደለም፣ የፕሮግራም ጉዳይ ነው።

የፊዚክስ መምህር፦

ወረቀት ላይ ያምራል። መምህሩ ከየት ይመጣል? ያሬድ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል። የውዝዋዜ መምህር አሠልጥኖ ወደ ደሴ የሚልክ ተቋም ግን አሳየኝ። በየክፍሉ ስንት ልጅ ተጨናንቆ እንደሚቀመጥ አንተም ታውቃለህ። ዴስኩን የት ገፍተህ ነው የምታስጨፍራቸው?

የቀድሞ ተወዛዋዥ፦

ስለ መምህሩ እንኳ አብሽር። አዲስ አበባ ውስጥ አዱኛ የሚባል ቡድን ነበር። በድህነት ያደጉና ጎዳና ላይ የነበሩ ወጣቶችን ለዓመታት አሠልጥኖ ባለሙያ አድርጓቸዋል። ዴስቲኖ የሚባለውን የዳንስ ቡድን የመሠረቱት ከዚያ የወጡ ልጆች ናቸው። ሰው ይሠለጥናል። እዚህም በኪነት ቡድን ያለፉ፣ ዛሬ ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ሞልተዋል። ዲግሪ የላቸውም ብላችሁ በር ካልዘጋችሁባቸው።

የፊዚክስ መምህር፦

እንግዲያው እኔ የምስማማው እዚህ ድረስ ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ስለዚህ 9ኛና 10ኛ ላይ በምርጫ ይሰጥ፣ ማርኩ በትምህርት ቤቱ ካርድ ላይ ይግባ። 12ኛ ክፍል ላይ ግን አትንኩብን። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

የኪነት ክበብ መምህር፦

በዚህ አልስማማም። 10ኛ ላይ የሚቆም ከሆነ ልጁም ቤተሰቡም ጨዋታ ነው ብለው ያልፉታል። ተማሪዋ ያለችውን አንብበው፤ አባቷ የሚጠይቃት ካርዱን ነው። ኋላ ደግሞ የሚጠይቃት የ12ኛውን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብትለኝ ግን እሺ፣ ከ9ኛ እንጀምር።

የተማሪ እናት፦

አንድ ነገር ይቀራል። የሌላ ሰው ዓይን ያጣራል ብለሃል። በምን አይቶ ነው? በቪዲዮ ከሆነ የልጄ ቪዲዮ ማን እጅ ላይ ይቀመጣል? ዛሬ የተቀረጸ ነገር ማታውን ቲክቶክ ላይ ነው።

የኪነት ክበብ መምህር፦

ልክ ነዎት፣ እንግሊዞቹ የሚያጣሩት በቪዲዮ ነው። እዚህ ቪዲዮው የሚጠበቅበት ደንብ ሳይወጣ አንድም ልጅ መቀረጽ የለባትም። እስከዚያው ከሌላ ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት በአካል መጥታ ከክፍሉ መምህርት ጋር ትፈትን። ከደሴ ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም፤ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ መፈተን፣ ወጥቶ መመለስ ነው።