ማራቶኑ 5 ሳምንት ቀርቶታል፣ ጉልበቴ ግን 6ኛው ኪሎ ሜትር ላይ እምቢ አለኝ

የመጀመሪያ ማራቶኔ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት 28 ኪሎ ሜትር ስሮጥ፣ ቁልቁለት ላይ ቀኝ ጉልበቴን በውጭ በኩል እንደ መርፌ ወጋኝ። እብጠት የለውም። ሐኪም አይቶት፣ ከዳሌ እስከ ጉልበት የሚወርደው ጅማት ነው የተቆጣው አለኝ። 10 ቀን ሙሉ አረፍኩ። በረዶ ያዝኩበት፣ የዳሌ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴም ጀመርኩ። ብስክሌት ስነዳ ምንም አይለኝም። ስሮጥ ግን 6ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያው ቦታ ይይዘኛል፤ ደረጃ ስወርድማ መደገፊያውን ይዤ ነው። ማስታገሻ ውጬ መሮጥ አልፈልግም፣ ሕመሙን ደብቆ የባሰ እንዳይጎዳኝ። ስምንት ወር የለፋሁበትን እንዲሁ መተውም ከብዶኛል። ይህ ጉዳት ደርሶባችሁ የምታውቁ፣ ረጅሙን ልምምድ በብስክሌት ተክቼ አጭር አጭር እየሮጥኩ ብቀጥል 42 ኪሎ ሜትሩን በጤና እጨርሳለሁ ወይስ ውድድሩን ለሌላ ጊዜ ላስተላልፈው?