ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ዴይኬር ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

የብሎኩ ነዋሪ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ እሁድ የብሎካችን ስብሰባ አለ፣ አጀንዳው ይሄ ነው። ምድር ወለል ላይ ያለች ጎረቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ቤቷ ውስጥ የሰው ልጆች መያዝ ጀምራ ነበር፣ በሦስት ልጅ ነው የጀመረችው አሁን ዘጠኝ ደርሰዋል። ግማሹ ነዋሪ ይዘጋ ይላል፣ ግማሹ ደሞ ልጁን እዛ ነው የሚያውለው። ምን ትላላችሁ?

ሦስተኛ ፎቅ፦ ይዘጋ። መኖሪያ ቤት መኖሪያ ነው። እኔ የማታ ፈረቃ ነኝ፣ ጠዋት ልተኛ ስል ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ለቅሶ ነው። ደሞ ፈቃድ የላት ምን የላት፣ አንድ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን ማን ነው የሚጠየቀው?

የመንታ እናት፦ ወንድሜ ድካምህ ይገባኛል ግን እኔ ልጆቼን የት ላድርጋቸው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው የሚሰጠን፣ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ደሞ 6 ወር ሙሉ ጡት ብቻ ይሉሻል፣ መሀል ላይ ያለውን ሦስት ወር ማን ይሙላው? ሠራተኛ ቀጥሬ አይቼዋለሁ፣ አንዷ በሁለት ወሯ አረብ አገር ሄደች፣ ሁለተኛዋ ራሷ ልጅ ናት ቢበዛ 14 ቢሆናት ነው፣ ህሊናዬ እምቢ ብሎኝ ወደ ቤተሰቦቿ መለስኳት። እዚህ ግን ሥራዬ ቅርብ ስለሆነ በምሳ ሰዓት መጥቼ አጥብቼ እመለሳለሁ።

የመንግሥት ሠራተኛ፦ የቀድሞው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 እኮ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ያዘጋጁ ይል ነበር። እኛ ጋ ክፍል ተሰጥቶ ፍራሽ ሁሉ ገብቶ ነበር፣ ዛሬ ፋይል ነው የተከመረበት።

የሕፃናት ነርስ፦ ጩኸቱን ተዉትና ዘጠኝ ልጅ ለአንድ ሰው የሚለው ላይ ቁሙ። ከዘጠኙ አራቱ ገና መራመድ ካልጀመሩ፣ ቡታጋዙ እሳት ቢያስነሳ ስንቱን ታቅፋ ትወጣለች? እኛ ዋርድ ላይ የማየው በሃይላንድ የተቀመጠ በረኪና ውሃ መስሎት የጠጣ ልጅ ነው፣ የፈላ ጀበና የደፋ ልጅ ነው። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ደሞ ዳይፐር የቀየረ እጅ ሳይታጠብ ጡጦ ከያዘ አንዱን ያስቀመጠው ሁሉንም ያስቀምጣል። የክትባት ካርድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው፣ አንድ ያልተከተበ ልጅ ቢገባ ገና 9 ወር ያልሞላቸው የክትባት መከላከያ የላቸውም። ይከፈት ባይ ነኝ፣ ግን በቁጥርና በረዳት።

እኔም ቤቴ የጀመርኩ፦ ፈቃድ ልጠይቅ ሄጄ ግቢ አለሽ ወይ፣ መጫወቻ ሜዳ፣ ለብቻ መኝታ፣ ለብቻ መጸዳጃ፣ በቃ ልክ እንደ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው የጠየቁኝ፣ እኔ የማውለው አራት ልጅ ነው። ተመለስኩና በሬን ዘግቼ ቀጠልኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ልጅ ቢያመኝ ተደብቄ ነው ያለሁት። ለትንሽ ቤት የሚሆን ትንሽ ፈቃድ ቢኖር ነገ ጠዋት ነው የምመዘገበው፣ መጥተው ኩሽናዬን ይዩት። የተደበቀውን ግን ማንም አያየውም፣ አደጋው እሱ ነው።

የብሎኩ ነዋሪ፦ እሺ እሁድ ይሄን ይዤ ልግባ፣ ከአምስት ልጅ አይበለጥ፣ ረዳት ትቅጠር፣ ቡታጋዙ በረንዳ ይውጣ፣ የክትባት ካርድ ይታይ፣ ኮሚቴው በደብዳቤ ለወረዳ ያሳውቅላት።

ሦስተኛ ፎቅ፦ ቅዳሜና እሁድ ከሌለ እጄን አወጣለሁ። ወረዳ ሳያውቃት ግን አልፈርምም።

የመንታ እናት፦ ከዘጠኝ ወደ አምስት ሲወርድ የሚወጡት አራቱ የማን ልጆች ናቸው?