የሐሙሶቹ ሽማግሌዎች አለቁብኝ፣ ቀጥሎ ማንን ላንብብ?

የማታ ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት የ88 ዓመት ሴትዮ ማታ ማታ እጠብቃለሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው እንግሊዝኛዬን እያረሙ ይሰማሉ። ችግሩ እሳቸው ተኝተውም እኔ ማቆም አልችልም።

የሪቻርድ ኦስማን «ዘ ተርዝዴይ መርደር ክለብ» ውስጥ የገባሁት እንዲህ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኬንት ውስጥ አራት ሰዎች በአንድ የጡረተኞች መንደር ይኖራሉ። በየሐሙሱ ተሰብስበው ፖሊስ ያልፈታውን የግድያ መዝገብ ይበረብራሉ። ኤልዛቤት የቀድሞ ሰላይ ናት። ሮን የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበር። ኢብራሂም የአእምሮ ሐኪም። የኔ ግን ጆይስ ናት፣ ነርስ የነበረችው። ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ስለ ሬሳ ጀምራ ስለ ኬክ ትጨርሳለች። ልክ የሰፈራችን ሴቶች ለቅሶ ቤት ሲያወሩ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2025 የወጡትን 5ቱንም ጨረስኩ። ያለቀባት ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። ደሴ ላለችው እናቴ እሑድ እሑድ በስልክ እተርክላታለሁ። እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ገዳዩን ግን ከኔ ቀድማ ታገኘዋለች። አሁን ሰላምታዋ ራሱ «ሽማግሌዎቹስ ምን ደረሱ?» ሆኗል።

እንዲህ የሚያስቅ፣ ደም የማይበዛበት፣ መርማሪው በዕድሜ የገፋ ሌላ ተከታታይ ታውቃላችሁ? አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ሽማግሌው መሳቂያ የሚሆንበት አልፈልግም። አሳቂው ራሱ ይሁን።

የድሮ አንባቢ፦

እህቴ፣ ከአጋታ ክሪስቲዋ ሚስ ማርፕል በፊት ሌላ እንዳትነኪ። ትዳር ሳትይዝ ያረጀች፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሹራብ የምትሠራ ሴት ናት። አመራመሯ እናትሽን ነው ያስታወሰኝ። አሻራ የለ፣ ላቦራቶሪ የለ። ተጠርጣሪውን አየት ታደርግና የሆነ የመንደሯን ሰው ታስታውሳለች፤ ሥጋ ሻጩን ወይ ድሮ ቤቷ ያገለገለች ልጅን። ያ ሰው ያኔ ምን እንዳደረገ ታውቃለች። በቃ፣ ተያዘ!

ለስልክ ረጅሙ አይመችሽም። «ዘ ሰርቲን ፕሮብለምስ» ከሚለው ጀምሪ። 1932 ላይ የወጣ፣ 13 አጫጭር ታሪክ። አሜሪካ ውስጥ የታተመው «ዘ ቱዝዴይ ክለብ መርደርስ» በሚል ርዕስ ስለሆነ ሁለቱንም እንዳትገዢ። እኔ ተሸውጄበታለሁ። እንግዶቹ በየተራ መልሱን የሚያውቁትን ታሪክ ያወራሉ፣ ሌላው ይገምታል። ከመካከላቸው የስኮትላንድ ያርድ፣ ማለትም የለንደን ፖሊስ፣ የቀድሞ ኃላፊ አለ። ማን እንደሚቀድመው መቼም አልነግርሽም።

ሳቅ ከፈለግሽ ደግሞ የ1930ው «ዘ መርደር አት ዘ ቪካሬጅ» አለልሽ። ተራኪው የመንደሩ ቄስ ናቸው። ገና ሲጀመር፣ ማዕድ ላይ ቅቅል ሥጋ እየቆረጡ፣ ያንን ኮሎኔል የሚገድል ሰው ለዓለም ውለታ ዋለ ማለት ነው ይላሉ። ኮሎኔሉ ይገደላል። የት? እዚያው ቄሱ ቤት!

ቅመም፦

ሚስ ማርፕል ጥሩ ናት፣ ግን ጨዋ ናት። እኔ የኤም ሲ ቢተንን አጋታ ሬዚን እመርጣለሁ። ዕድሜዋ ገና 50ዎቹ ውስጥ ነው፤ አሮጊት ብትያት አትለቅሽም። ለንደን የነበራትን ድርጅት ሸጣ ኮትስዎልድስ ገጠር ትገባለች። ጎረቤት እንዲወዳት ብላ የመንደሩ ውድድር ላይ ኪሽ የሚባል፣ በእንቁላልና በአይብ የሚጋገር ነገር ታቀርባለች። የጋገረችው ግን እሷ አይደለችም፣ ለንደን ገዝታ ነው ያመጣችው። ዳኛው ከሱ በልቶ ይሞታል። እንግዲህ ምርጫዋን እዩት፤ ወይ ነፍሰ ገዳይ፣ ወይ ከሱቅ ገዝታ ጋገርኩ ያለች ቀጣፊ! እኔ የሱቅ እንጀራ ለአማቴ አቅርቤ «የእጄ ነው» ያልኩበት ቀን ትዝ አለኝ። ደግነቱ ማንም አልሞተም። የመጀመሪያው መጽሐፍ 1992 ነው የወጣው፤ በቅደም ተከተል አንብቢው።

ሶፋ ላይ፦

ንባብ ሲሰለችሽ «መርደር ሺ ሮት» አለልሽ። ከ1984 እስከ 1996 የታየ፣ 264 ክፍል። ጡረታ የወጣች የእንግሊዝኛ መምህርት ደራሲ ሆና ወንጀል ትፈታለች። ተዋናይዋ አንጄላ ላንስበሪ ናት። አባቴ ከኔ ጋር 3 ክፍል አይቶ «ይቺ ሴትዮ የረገጠችበት ሁሉ ሰው ይሞታል። ለምን እሷን አያስሯትም?» ብሎ ተነሳ።

የማታ ፈረቃ፦

ተመልሻለሁ። ለሁላችሁም አመሰግናለሁ፤ በ13ቱ ጀመርን። በመጀመሪያው ታሪክ ሦስት ሰዎች እራት በልተው ይታመማሉ፣ ሚስትየዋ ትሞታለች። እራቱ የታሸገ ሎብስተር ነው። ሎብስተርን ለእማዬ ማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። «ባሕር ውስጥ የሚኖር፣ መቆንጠጫ ያለው፣ ትልቅ ጊንጥ የሚመስል» ስላት ዝም አለች። ከዚያ «እንዴ! እሱን በልታ ብትሞት ምኑ ይመረመራል?» አለችኝ።

መዝገቡ ተዘጋ ብዬ ነበር። ማክሰኞ ሌሊት ፈረቃ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ደሴ ነግቷል። ሰላምታም የለ። «ከዚያ አውሬ በኋላ ጣፋጭ ቀርቧል አላልሽም? እስቲ ያልበላው ማነው?»

ሴትዮዬ ነቅተው ኖሯል። «ምን አለች?» አሉኝ። ተረጎምኩላቸው። ትራሳቸውን አስተካክለው ቁጭ አሉና መነጽራቸውን እንዳቀብላቸው ጠየቁኝ።