አንቀጽ 3፦ በቅንፍ ውስጥ ያሉ ስሞችን መሸፈን (ለጋራ ሐሳባችን የቀረበ ረቂቅ)

ጸሐፊ፦ ለውይይት የቀረበው ይህ ነው። «በምናጋራቸው ጽሑፎች ውስጥ በ[ እና በ] መካከል ያለ ስም ሁሉ፣ ቅንፎቹ ሳይነኩ፣ ፊደል በፊደል በ* ይተካል።» የፊደሉ ብዛት እንዳይዛነፍ የተባለው፣ ቃላቱን በቦታ ቁጥር የሚጠቁሙ ተጓዳኝ ፋይሎች ስላሉን ነው። ለጊዜው የገባው ሬጌክስ (በጽሑፍ ውስጥ የሚፈለገውን ንድፍ በምልክት የሚገልጽ አጻጻፍ) \[.*\] ነው።

አባል 1፦ ይሄ አያስኬድም። ማንኛውንም ምልክት በማንኛውም ብዛት የሚይዘው .* ሆዳም ነው፤ እስከ መስመሩ ጫፍ ይሮጥና ወደ ኋላ እየተመለሰ የመጨረሻውን ] ይይዛል። «[አበበ] መጽሐፉን ለ[ከበደ] ሰጠ» የሚለው ላይ «መጽሐፉን ለ» አብሮ ይሸፈናል። \[[^\[\]]*\] ይሁን፤ [^…] ማለት ከተዘረዘሩት ውጭ ያሉ ምልክቶች ስብስብ ነው።

አባል 2፦ ሆዳም ያልሆነውን .*? ብንለውስ? ለማንበብም ይቀላል።

አባል 1፦ በፓይተንና በጃቫስክሪፕት ይሠራል፤ ሴድ (ጽሑፍን መስመር በመስመር የሚያርም የትእዛዝ መሣሪያ) ግን አያውቀውም፤ ግማሹ አባል ደግሞ በሴድ ነው የሚሠራው። ያልተዘጋ [ ካጋጠመውም ቀጣዩን [ ተሻግሮ ይሄዳል። [ን ከስብስቡ ያስወጣሁት ለዚህ ነው።

አባል 3፦ ያንኑ አጻጻፍ ለሴድ እንዳትሰጡት። በሴድ፣ በስብስብ ውስጥ \ ተራ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ስብስቡ መጀመሪያ ባገኘው ] ይዘጋል፤ ስህተትም አያሳይም፣ ከአንድ ፊደል በላይ የሆነን ስም ዝም ብሎ አያገኝም። እዚያ ]ን ከ^ አጠገብ ማስቀደም ነው፦ \[[^][]*] ። ይህንን ደግሞ ወደ ጃቫስክሪፕት ብትወስዱት [^] ብቻውን «ማንኛውም ምልክት» ማለት ይሆናል። ረቂቁ ሁለቱንም አጻጻፍ ለየብቻ ይያዝ።

ሰብሳቢ፦ ተቀብለናል። ፊደል በፊደል የሚለውስ እንዴት ይፈጸማል? የተገኘውን በአንድ * መተካት እኮ ብዛቱን ያጠፋዋል።

አባል 3፦ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው [^\[\]](?=[^\[\]]*\]) ነው፤ ከፊቱ መዝጊያ ያለውን እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው ይተካል። አጭር ነው፤ እኔ ግን አላምነውም። መክፈቻ የሌለው አንድ ] ቢኖር ከእርሱ በፊት እስካለው ቅንፍ ድረስ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በኮከብ ይሞላዋል። በረጅም መስመር ላይም ለእያንዳንዱ ፊደል ወደ ፊት ስለሚቃኝ ይጎተታል። ሁለተኛው፣ የአባል 1ን ሬጌክስ ይዞ በመተኪያው ቦታ ፈንክሽን (የተገኘውን ተቀብሎ መተኪያውን የሚያዘጋጅ ትንሽ ኮድ) መስጠት ነው። ፈንክሽኑ ከተገኘው ርዝመት 2 ቀንሶ ያን ያህል * በቅንፍ መካከል ይመልሳል።

አባል 2፦ ሁለተኛውን እደግፋለሁ። ግን ርዝመቱ በፊደል እንጂ በባይት አይቆጠር። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የሚያስቀምጥ ሥርዓት) 3 ባይት ይይዛል፤ «ሰላም» በባይት ከተነበበ 9 ኮከብ ይወጣል። ፋይሉ መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ይፈታ የሚል ሐረግ ይግባ።

ሰብሳቢ፦ ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ሲሆንስ?

አባል 1፦ [ሀ [ለ] ሐ] ላይ የውስጠኛው ብቻ ይሸፈናል፣ ውጭኛው ስም ተጋልጦ ይቀራል። ጥልቀት መቁጠር የተራ ሬጌክስ ሥራ አይደለም። በ[ 1 እየደመረ በ] 1 እየቀነሰ የሚሄድ ቆጣሪ ቀድሞ ይሩጥ፤ ቁጥሩ ከ1 ከበለጠ፣ ከ0 ከወረደ ወይም መጨረሻ ላይ 0 ካልሆነ ፋይሉ ሳይነካ ለሰው ይመለስ።

ጸሐፊ፦ ቆጣሪውን ንዑስ አንቀጽ 3.1 አድርጌዋለሁ፤ ሁለቱ አጻጻፎች 3.2፣ ፈንክሽኑና የዩቲኤፍ-8ቱ ሐረግ 3.3 ናቸው። የሙከራ መስመሮች የሚጨምር ይጨምር።

አባል 3፦ አራት ይበቃሉ፦ ሁለት ቅንፍ በአንድ መስመር፣ ሁለት መስመር ላይ የተከፈለ ስም፣ ባዶ []፣ ያልተዘጋ [። ሁለተኛው ሴድን ይጥለዋል፤ መስመር በመስመር ስለሚያነብ።