እማማ መርማሪ ቢሆኑስ? እንዲህ ያለ ልብ ወለድ በኛ ሰፈር ይሆናል?

የቱሉ ዲምቷ፦

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

መርማሪዋ አሮጊት የሆነችባቸውን የወንጀል ታሪኮች በጣም ነው የምወዳቸው። ተኩስ የለ፣ በመኪና መባረር የለ። ትንሽ መንደር አለች፣ ሰዉ ሁሉ ይተዋወቃል፣ አንድ ቀን ክፉ ነገር ይደርሳል። ፖሊስ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይመዘግባል፣ ብዙ ጊዜም ያልሆነ ሰው ይጠረጥራል። እውነቱ ላይ የምትደርሰው ጥግ ይዛ ሹራቧን የምትሠራው ሴትዮ ናት። የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን ሚስ ማርፕል አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1927 በአንድ አጭር ታሪክ ብቅ አለች፣ በ1930 የራሷ ልብ ወለድ ወጣላት፣ በጠቅላላው 12 ልብ ወለድና 20 አጭር ታሪክ ተጽፎላታል። ከሷ በፊትም መንገዱን የጠረገች ነበረች፤ አሜሪካዊቷ አና ካትሪን ግሪን በ1897 አሚሊያ በተርወርዝ የምትባል፣ የጎረቤቷን ነገር በመስኮት የምትከታተል ያላገባች ሴትዮ ፈጥራለች።

እኔም እንዲህ ያለውን በአማርኛ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ቦታው እዚሁ የምኖርበት ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት። ከኮንዶሚኒየሙ ባሻገር አሁንም ጤፍ የሚታጨድበት ማሳ አለ። በአንድ በኩል ረዳቱ "ቃሊቲ፣ ቃሊቲ" እያለ ይጣራል፣ በሌላ በኩል ከብት ይነዳል። በዕጣ የገባን አለን፣ ከኛ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው የኖሩ አሉ። መርማሪዬ ከነሱ ወገን ናቸው። ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራሉ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ደርድረው ይውላሉ፣ ሰፈሩ "እማማ" ይላቸዋል።

ችግሬ እዚህ ጋ ነው። እንግሊዛዊቷ መርማሪ፣ ሚስ ማርፕል፣ የሚሳካላት ማንም ስለማይቆጥራት ነው። ሰው እሷ ፊት እንደሌለች አድርጎ የልቡን ያወራል። እኛ ጋ ግን እማማ ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ብድግ ይላል፣ "ኖር" ይባላል፣ ወሬው ይቀየራል፣ ሲጋራ የያዘ ይደብቃል። ታዲያ ምን ሊሰሙ ነው? መርማሪ ይወጣቸዋል ትላላችሁ?


ሦስተኛ ስኒ፦

ይወጣቸዋል እንጂ! መከበራቸውን እንደ ችግር አትዪው እህቴ፣ ጉልበታቸው እሱ ነው። ፖሊስ በር ሲያንኳኳ ሰው "ምን ፈልገህ ነው" ይላል። እማማ ሲያንኳኩ "ይግቡ፣ ቡና ደርሷል" ነው። የታመመ ሊጠይቁ ይገባሉ፣ አራስ ሊጠይቁ ይገባሉ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ በሌሊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ጓዳ ድረስ ዘልቆ የሚገባ ሌላ ማን አለ? የማን ቤት ዘይት እንዳለቀና የማን ቤት ባልታወቀ ምክንያት አዲስ ፍሪጅ እንደገባ ሳይጠይቁ ያውቃሉ።

ወሬው መቀየሩ እውነት ነው፣ ግን የሚቀየረው በአቦል ላይ ነው። በቶና ሰው ይላላል። በረካ ሲደርስ ቡናው ቀጥኗል፣ የሚቸኩለው ተነሥቶ ሄዷል፣ የቀሩት የልብ ሰዎች ናቸው። የሚፈለገው ነገር የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። መርማሪሽ እስከ በረካ መቀመጥ የሚያውቁ ይሁኑ፣ ፖሊሱ በአቦል የሚሄድ ይሁን። ግማሹ ታሪክ ተጻፈልሽ ማለት ነው።

ለቅሶ ቤትንም አስቢው። በቅርቡ አንድ ለቅሶ ላይ ከሰፈራችን እናቶች አንዷ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ፣ ዓይናቸው ግን ከድንኳኑ መግቢያ አይነቀልም። ማታ ስንመለስ አንድ በአንድ ዘረዘሩልኝ። ማን ከማን ጋር እንደገባ፣ ማን የሟች ቤተሰብ ጋ ሳይደርስ ጥግ እንደያዘ፣ የማን ጫማ ላይ በዚያ ደረቅ ቀን እርጥብ ጭቃ እንደነበረ። ልቅሷቸውም የምር ነበር፣ ሟቿ ጓደኛቸው ነበሩ። ሁለቱ ነገር አብሮ ይሄዳል። እባክሽ ይህንን በገጽ ላይ አሳዪን፤ እማማ እያዘኑ የሚያዩ እንጂ ለማየት ብለው የሚያዝኑ እንዳይሆኑ።


ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ ጥሩ ነገር አንሥተሻል። ሁለት ነገር ልጨምር።

እንግሊዛዊቷ ለምን እንዳልተቆጠረች ታሪክ አለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1921 ሕዝብ ሲቆጠር እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ሴቶች ከወንዶች ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ በልጠው ተገኙ። ወጣቱ ጦር ሜዳ ቀርቷል። ብዙ ሴቶች ሳያገቡ አረጁ፣ ጋዜጦቹም እንደ ትርፍ ነበር የሚያዩዋቸው። ደራሲያኑ ያቺን ትርፍ የተባለች ሴት አንሥተው ከፖሊሱ በላይ የምታስብ አደረጓት። ያንቺዋ እማማ የመጡት ከሌላ ታሪክ ነው። ባል ቀብረው፣ ልጅ ዓረብ አገር ልከው፣ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ስለዚህ የሚያዩበትም ዓይን ሌላ መሆን አለበት። የዚያችን ባሕርይ ቀድተሽ ነጠላ ብታለብሺው አይሆንልሽም።

ሁለተኛው ትልቁ ነው። በ1950 በወጣ በአንዱ ልብ ወለድ ውስጥ ሚስ ማርፕል ለፖሊሱ የምትነግረው ነገር አለ። ድሮ መንደር ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ እንግዳ ቢመጣም የሚያውቀው ሰው ደብዳቤ ይጽፍለት ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ግን ሰው ከየትም ይመጣል፣ ቤት ይገዛል፣ ስለሱ የምታውቂው እሱ ራሱ የነገረሽን ብቻ ነው። ምስጢሩ ሁሉ የሚበቅለው ከዚያ ነው። ሰዎች እነዚህን መጻሕፍት ስለማትለወጥ መንደር የተጻፉ አድርገው ያነቧቸዋል፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የምደነቀው ስለ ለውጡ ባለው ነገር ነው።

አሁን ቱሉ ዲምቱን ተመልከቺ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሴትዮ ከካዛንቺስ ነው የመጣሁት ትላለች፣ ባለቤቷ ውጭ አገር እንደሆነ ትናገራለች። ማን አረጋገጠ? መሸኛዋ ወረዳ ተቀምጧል፣ ወረቀት ግን ሴትዮዋ ማን እንደነበረች አይነግርሽም። ከማሳው ማዶ ያሉት ደግሞ ሰባት ትውልድ ይቆጥራሉ። መርማሪሽ የቆሙት በሁለቱ መካከል ነው። ለገጣፎም በይው ሱሉልታ፣ የአዲስ አበባ ዳር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ታሪክ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።


ሰበታ ማዶ፦

በመምህሩ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልቃወም። ግድያ አታድርጊው።

እንግሊዞቹ መጻሕፍት ላይ ሰው በምዕራፍ ሁለት ይሞታል፣ በምዕራፍ ሦስት ሰዉ ሻይ እየጠጣ ማን ገደለው ይላል። እኛ ጋ ድንኳን ይተከላል፣ ሰፈሩ ቢያንስ ሦስት ቀን አብሮ ይቀመጣል፣ ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ያን ሁሉ ዘለሽ ወደ እንቆቅልሹ ከሮጥሽ አንባቢው እማማን ይጠላቸዋል። ካልዘለልሽው ደግሞ መጽሐፉ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ደስ የሚለው መንፈስ ይጠፋል።

ሌላ ወንጀል ሞልቷል። የማሳ ድንበር ድንጋይ በሌሊት ተነቅሎ ሁለት እርምጃ ወዲያ ሄደ። የእቁብ ብር ጠፋ። እኔ ግን የምመክርሽ የዕድር ዕቃ ነው። እናቴ የሴቶች ዕድር ንብረት ክፍል ሆና ለዓመታት ስለሠራች ከልጅነቴ ያየሁት ነገር ነው። ትልልቁ ብረት ድስት ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የዕድሩ ስም ተጽፎበታል። ለቅሶ ቤት የሚበስለው በእንጨት ስለሆነ ቂጡ ጥቁር ነው፣ ጥላሸቱ የዓመታት ነው፣ ታጥቦም አይለቅም። አንድ ጊዜ አንድ ድስት በሽቦ ተፈትጎ ቂጡ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ ደግሞ ልክ የምድጃው እሳት ቅርጽ በክብ አርሯል። እናቴ አገላብጣ አየችውና "ይሄ በጋዝ ተበስሎበታል" አለች። ዕድራችን ጋዝ የለውም። የሆነ ሰው የዕድሩን ድስት ለድግስ እያከራየ ብሩን ይበላ ነበር።

ፖሊስ ያንን ድስት ቢያይ ንጹሕ ድስት ነው የሚያየው። አሮጊት መርማሪ የሚያስፈልገው እኮ ለዚህ ነው። ዕድሜ ልኳን ያጠበችው ነገር ነው ማስረጃው።


የቱሉ ዲምቷ፦

ሰበታ ማዶ፣ ተባረክ! ግድያው ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።

ግን መጨረሻው ግራ ገብቶኛል። እነሱ ጋ መርማሪዋ ሁሉንም አንድ ሳሎን ትሰበስብና ጥፋተኛውን ፊት ለፊት ታወጣዋለች። ያንን ትዕይንት እወደዋለሁ። እማማ ግን ጎረቤት በሰው ፊት ያዋርዳሉ? ይሉኝታስ?


ጡረተኛው መምህር፦

ሰው ሰብስቦ ማውጣጣት እኮ ከማንም የምንዋሰው አይደለም። አውጫጭኝ ነበረን፣ አፈርሳታም ይባላል። ወንጀል ሲፈጸምና አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ከብቱ ሳይታለብ፣ እርሻው ሳይታረስ ይውላል። ያ ጫና ነው ሰውን የሚያናግረው። ትዕይንቱን ከወደድሽው የዕድሩን ወርኃዊ ስብሰባ እንደዚያ አድርጊው።


ዝም ያልኩ፦

ሁሉን ሳነብ ቆይቼ ነው የምጽፈው። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፣ ግን አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ።

መምህር አውጫጭኝን አንሥተዋል፤ ሌባሻይም ነበረ እኮ። ለልጅ የሚጠጣ ነገር ይሰጡታል፣ ራሱን ስቶ ይሄዳል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ሰው በዚያ መንገድ ንብረቱንም ስሙንም አጥቷል። ዛሬም ቢሆን ሰፈር "እሱ ነው" ካለ ያ ሰው አለቀለት። ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትጠረጠረው ማን ናት? ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ናት። ቡዳ ናት ይሏታል፣ ልጆቻቸውን ከደጃፏ ያርቃሉ። አንድ የማውቃቸው ሴትዮ በእንዲህ ያለ ወሬ ቤታቸውን ሸጠው ሄደዋል፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እባክሽ፣ እማማ ወሬ የሚያቀብሉ ሳይሆኑ ወሬን የሚፈትሹ ይሁኑ። "ማን አለሽ? አንቺ በዓይንሽ አይተሻል?" የሚሉ። ሰፈሩ መጀመሪያ የሚጠረጥራት ሌላ ብቻዋን የምትኖር ሴት ትኑር፣ እማማም ሥራ የሚጀምሩት እሷን ለማዳን ይሁን። በስብሰባው ላይ ጮክ ተብሎ የሚነገረው የእሷ ንጽሕና ይሁን። ሌባው ጋ ማታ ለብቻቸው ይሂዱ፣ "ድስቱን አይቼዋለሁ፣ እስከ እሑድ አስብበት" ብለው ይውጡ።


ሦስተኛ ስኒ፦

ይሄ ነው! እሑድ እስኪደርስ ድረስ አንባቢው እንቅልፍ አይወስደውም። ይሉኝታውም ቦታውን አገኘ።


የቱሉ ዲምቷ፦

ዝም ያልኩ፣ የተጠረጠረችዋን ሴት ወስጃታለሁ፣ የአራተኛ ፎቋ ናት። እንግዳ ስለሆነች ሁሉም በሷ ላይ ይነሣል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ ሳትራሩ አንብቡልኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ የዕድር ዕቃ ቤት ቁልፍ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው? ሌባው ማንም ሳያውቅ እንዴት ድስት ሊያወጣ ይችላል?


ሰበታ ማዶ፦

በኛ ዕድር ቁልፉ ንብረት ክፍሏ ጋ ነው፣ መዝገቡ ጸሐፊው ጋ። ዕቃ ሲወጣ ሁለቱም መገኘት አለባቸው ይላል ደንቡ። ሰው በሌሊት ሲሞት ግን ማን ጸሐፊ ይጠብቃል? ቁልፍ የያዘችው ብቻዋን ከፍታ ታወጣለች፣ መዝገቡ በማግሥቱ በቃል ይሞላል። ስድስት ድስት ወጥቶ አምስት ቢጻፍ በዚያ ግርግር የሚቆጥር የለም። ሌባሽ እዚያ ክፍተት ውስጥ ይግባ። ደግሞ ጡሩምባ ነፊውን እንዳትረሺው። ሞት ሊለፍፍ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በየደጁ የሚዞረው እሱ ነው፣ የማን ቤት መብራት በርቶ እንዳገኘና የማን በር ላይ ፒክአፕ ቆሞ እንዳየ እማማ ይጠይቁት።