የቆስጣ ዘሬ ከቀይ ሥር ጋር ተዳቀለብኝ፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የተከበራችሁ የጓሮ አትክልት አልሚዎች፣ የምኖረው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በሱሉልታ ሲሆን፣ ከእናቴ የተረከብኩትን ቅጠሉ ሰፊ፣ አገዳው ነጭ የሆነ ቆስጣ ለዓመታት ዘሩን እያስቀረሁ ስዘራ ቆይቻለሁ። ዘንድሮ ግን ከበቀለው ሲሶ ያህሉ አገዳው የቀላ፣ ቅጠሉ የጠበበ፣ ሥሩም እንደ ቀይ ሥር ማበጥ የጀመረ ሆኖ አገኘሁት።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ቆስጣና ቀይ ሥር አንድ ዝርያ በመሆናቸው በቀላሉ ይዳቀላሉ፤ የአበባቸውን ብናኝ በዋናነት የሚያጓጉዘውም ነፋስ ነው። አምና ጎረቤቴ ሳይነቅሉ የተዉት ቀይ ሥር ከእኔ ቆስጣ ጋር በአንድ ሰሞን አብቦ ነበር። እርሳቸውን አልወቅስም፤ ማበቡን እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

አሁን የቀረኝ በ2014 ዓ.ም. ያስቀመጥኩት ግማሽ ሲኒ ንጹሕ ዘር ብቻ ነው። ይህ ቢጠፋብኝ የእናቴን ቆስጣ ከየትም ልተካው አልችልም። አንድ እግር ቆስጣ ለብቻው በቂ ዘር ስለማይሰጥ፣ ስድስት ያህል እግሮችን ሲያብቡ በአንድነት በአቡጄዲ ለመሸፈን አስቤአለሁ፤ ይሁን እንጂ ብናኙ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ጨርቁ ላያግደው ይችላል ብዬ፣ ቢያግደውም አበባው ታፍኖ እንዳይሻግት እሰጋለሁ። በዚህ መንገድ ዘር ያስቀረ ሰው ካለ፣ ምን ዓይነት ጨርቅ እንደተጠቀመና ብናኙ ከአበባ ወደ አበባ እንዲደርስ በየስንት ቀኑ አገዳውን ያነቃንቅ እንደነበር ቢገልጽልኝ ታላቅ ውለታ ይሆንልኛል። ደግሞስ ዘሩን በሙሉ ልዝራው፣ ወይስ ግማሹን ላቆየው?