«ውሺያ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ወዳጆቼ፣ አንድ ቃል አስቸገረኝ። ትናንት ከልጄ ጋር «አድፋጭ ነብር፣ ስውር ዘንዶ»ን አየን፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውን የአንግ ሊን ፊልም። ቻይኖች ይህን ዓይነቱን ፊልም «ውሺያ» ይሉታል። እኛ ሁሉንም «የካራቴ ፊልም» እያልን ነው ያደግነው። ካራቴ ደግሞ የጃፓን ነው። ምን ትላላችሁ?

— «ው» አያስቸግርም፤ የፍልሚያ ነገር ነው። ጣጣው «ሺያ» ላይ ነው። ሺያ ደሞዝ የሚበላ ወታደር አይደለም፤ ሹመትም የለው። የተበደለ ሲያይ ሰይፉን ይመዛል፣ ቃሉን አያጥፍም። «ጀግና» ብንለው ይሰፋል። እኔ «ሽፍታ» ባይ ነኝ። መንገደኛ የሚዘርፈውን ማለቴ አይደለም፤ ፍርድ ሲጓደልበት «ዱር ቤቴ» ያለውን ነው። ሺያው የሚኖርበት ዓለም ራሱ «ጂያንግሁ» ይባላል፤ ቃል በቃል «ወንዞችና ሐይቆች»። ከቤተ መንግሥት ሕግ ውጭ ያለ፣ የራሱ ደንብ ያለው ዓለም። እኛ ዱር አልን፣ እነሱ ውሃ።

— ወንድሜ፣ አልተስማማሁም። የኛ ሽፍታ መቼ ቀርከሃ ጫፍ ላይ ቆሞ ያውቃል! ፊልሙ ውስጥ ቀርከሃው ላይ ሲፋለሙ የምናየው ያ መንሳፈፍ «ቺንጎንግ» ይባላል፤ ሰውነትን የማቅለል ጥበብ እንደማለት ነው። ተዋንያኑ በሽቦ ተንጠልጥለው ነው የሠሩት፤ ሽቦው በኋላ በኮምፒውተር ጠፋ። ቀርከሃው ሲያጎነብስ አብረው ያጎነብሳሉ። ወጣቷ ጄን ትሰነዝራለች፣ ሰይፈኛው ሊ ሙ ባይ ዞር ይላል። ጠብ ይሁን ሽኮርመማ አይለይም።

— እህቴ፣ ፍቅርን ካነሳሽ አይቀር፣ ልጄ «ለምን አይጋቡም?» ብላ ያዘችኝ። ሊ ሙ ባይንና ሌላዋን ሰይፈኛ ሹ ሊየንን ነው። የሞተው እጮኛዋ ለሱ የቃል ኪዳን ወንድሙ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም ዓመታት ሙሉ ዝም። አንዴ እጇን ይዞ ጉንጩ ላይ ያሳርፋል። «ይሉኝታ ነው» አልኳት። ወዲያው ገባት።

— ይሉኝታ እንኳ አይመስለኝም። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ነው። እነዚህ የፈሩት ሰውን ሳይሆን ሟቹን ነው። ለዚያ አንድ ቃል ያለን አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ርዕሱ ራሱ የቆየ የቻይና አባባል ነው፤ ያልታወቀ ባለሙያ የተደበቀበት ቦታ ማለት ነው። ግን በስምም ይጫወታል፤ የጄን የቻይንኛ ስም ውስጥ «ሎንግ»፣ ዘንዶ አለ። የበረሃው ወዳጇ ስም ውስጥ ደግሞ «ሁ»፣ ነብር። ለአባባሉ የኛ አቻ ያለው ያምጣ። «ሽፍታ»ን ግን እኔም አልቀበልም።